ከጉድጓዱ ማን ጠጣ? የጦር ሰፈር ብክለትና የጎረቤት ሕዝብ ጤና

ከባሕር ዳር ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ አለ። አፉ በሲሚንቶ ቀለበት ተከብቧል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ሳለ አንድ ሰው በሚስማር «1994» ብሎ ጭሮበታል። ገመዱ ሲወጣና ሲወርድ ጠርዙን እየበላ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች አውጥቶበታል። የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወደዚህ ግቢ ይመጣል፤ የቤቱ እመቤት በር አይዘጉም።

እዚያ ግቢ የገባሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ቁጥሯን ሳያት ግን ቆሜ ቀረሁ። በጦር ሰፈሮች አካባቢ የሚኖር ሕዝብ ከሰፈሩ በወጣ ብክለት ታሞ እንደሆነ የሚያጣሩ ጥናቶችን ለረጅም ጊዜ ሳነብ ቆይቻለሁ። የብዙዎቹን ጥናቶች ዕጣ የወሰነው ከላቦራቶሪው መሣሪያ ይልቅ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ ከዚህ ውሃ ማን ጠጣ? ከመቼ እስከ መቼ? ሲሚንቶው ላይ የተጫረችው ቁጥር የዚህን ጥያቄ አንድ ክፍል ትመልሳለች።

ሠራዊት አካባቢን የሚበክለው በውጊያ ጊዜ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ብዙው ብክለት ግን የሚመጣው ከሰላም ጊዜ የዕለት ሥራ ነው። የአውሮፕላንና የታንክ ሞተር ቅባት በኬሚካል ይታጠባል፤ እጣቢው መሬት ላይ ይደፋል። ከመሬት በታች የተቀበረ የነዳጅ ታንከር ማንም ሳያየው ለዓመታት ያንጠባጥባል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነዳጅ አቀጣጥለው በአረፋ ማጥፋት ይለማመዳሉ። በተኩስ መለማመጃ ሜዳ ከጥይቱ የሚወጣው እርሳስ የተባለው ብረት ይከማቻል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ጎረቤቱን ለመጉዳት አላሰበም። ዝናብ ሲመጣ ግን የተደፋው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ የሰው መጠጥ ውሃ አለ።

እንዲህ ካሉት ስፍራዎች ብዙ ከተጠኑት አንዱ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የማሪን ወታደሮች ሰፈር ካምፕ ለጁን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1987 በሰፈሩ የኖሩ ወታደሮች፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው በተለይ ሁለት መርዛማ ኬሚካሎች የገቡበትን ውሃ ጠጥተዋል፣ ታጥበውበታል። አንዱ የብረት ቅባት ማጽጃው ትራይክሎሮኢታይሊን ነው። ሌላው ፐርክሎሮኢታይሊን ሲሆን፣ እርሱም በዋናነት የመጣው ከሰፈሩ አጥር ውጭ ከነበረ የልብስ ንጽሕና መስጫ ነው። የአሜሪካ ሕግ በአንድ ሊትር ውሃ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ የሚያዝዘው ትራይክሎሮኢታይሊን በአንድ ወቅት 1,400 ደርሶ ተለክቷል። ክፉኛ የተበከሉት ጉድጓዶች የተዘጉት እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ማንኛውም በእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚመራመር ሰው ልብ ሊለው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጉዳዩን እንዲያጠና የታዘዘው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሪፖርት አወጣ፤ በአዋቂዎች ላይ ካንሰር የመምጣቱ ዕድል አነስተኛ ነው አለ። ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ሪፖርቱን ሰረዘው፤ ከነዳጅ ወደ ጉድጓዶቹ የገባው ቤንዝን የተባለው ኬሚካል ከስሌቱ ውስጥ አልገባም ነበርና። አሥራ ሁለት ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ የታመሙ ሰዎች «ተጠንቷል፣ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘም» የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል። «አልተገኘም» እና «የለም» በጣም የተራራቁ ቃላት ናቸው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሚለካው ፈላጊው በያዘው መረጃ ብዛት ነው።

የካምፕ ለጁን ተመራማሪዎች የገጠማቸው ችግር ይህ ብቻ አልነበረም። እነዚያ ኬሚካሎች በሰው ደም ውስጥ የሚቆዩት ለቀናት ነው። ከዓመታት በኋላ የማንንም ደም ቢመረምሩ ምንም አይነግራቸውም። ስለዚህ ያለፈውን ከወረቀት መልሰው መገንባት ነበረባቸው፦ የትኛው ፓምፕ በየትኛው ወር ይሠራ ነበር፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ በምን ፍጥነት ይጓዝ ነበር፣ የትኛው ቤት ከየትኛው ማጣሪያ ጣቢያ ይቀዳ ነበር። ሰፈሩ የጦር ሰፈር በመሆኑ ማን በየትኛው ዓመት በየትኛው ክፍል እንዳገለገለ የሚያሳይ መዝገብ ነበረ። ብክለቱን ያመጣው ድርጅት መዝገብ ያዥም ስለነበር ነው ጥናቱ የተቻለው።

ከማን ጋር ይነጻጸሩ የሚለውም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ወታደር ሲቀጠር በጤናው ተመርጦ ነውና ከተራው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ጤነኛ ሆኖ ይታያል፤ ጉዳቱ በዚያ ይሸፈናል። ስለዚህ በካሊፎርኒያ ካምፕ ፔንድልተን ካገለገሉ፣ የተበከለውን ውሃ ካልጠጡ የማሪን ወታደሮች ጋር አነጻጸሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የፓርኪንሰን በሽታ ጥናት ከ1975 እስከ 1985 በሁለቱ ሰፈሮች የነበሩ ከ340,000 በላይ ሰዎችን መነሻ አደረገ። የዕድሜና የመሳሰሉት ልዩነቶች በስሌት ከተስተካከሉ በኋላ፣ በካምፕ ለጁን የነበሩት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ70 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የሕክምና ማኅደራቸው ከተገኘው መካከል በካምፕ ለጁን ከ10,000 ሰው 33ቱ፣ በካምፕ ፔንድልተን 21ዱ በሽታው ነበረባቸው። በ10,000 ሰው ላይ ያለችው የ12 ሰው ልዩነት የታየችው የተቆጠረው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለነበረ ነው።

ይህንን ስሌት ወደ እኛ መንደር እናምጣው። በየዓመቱ ከ10,000 ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ እንበል። 3,000 ነዋሪ ባላት የሐይቅ ዳር መንደር በ10 ዓመት 3 ሕሙማን ይጠበቃሉ። 5 ሰው ቢታመምስ? መንደሩ ይደነግጣል፤ መደንገጡም ተገቢ ነው። ሆኖም ምንም ብክለት ባይኖር እንኳ እንዲህ ካሉ 100 መንደሮች በ18ቱ ገደማ በአጋጣሚ ብቻ 5 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ይታመማል። በሌላ በኩል፣ ብክለቱ በእርግጥ ኖሮ በሽታውን በእጥፍ ቢያሳድገው የሚጠበቀው 6 ሰው ብቻ ነው። ከ5 ሕሙማን ተነሥቶ «በክላችሁናል» ማለትም «አልበከልንም» ማለትም አይቻልም። በየአገሩ የመንደር ሰዎችና ባለሥልጣናት እየተነታረኩ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። መውጫው ብዙ መንደሮችን አንድ ላይ ማጥናት ወይም ከበሽታው ቀድሞ የሚታየውን፣ ማለትም በሰው አካል ውስጥ የገባውን መርዝ ራሱን መለካት ነው።

በዚህ ሁለተኛ መንገድ የሄደችው ስዊድን ናት። በደቡብ ስዊድን በሮነቢ አቅራቢያ ካሊንገ የምትባል ትንሽ ከተማ ከወታደራዊ አየር ማረፊያ ጋር ትጎራበታለች። አየር ኃይሉ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የእሳት ልምምድ ሲያደርግ ፒፋስ የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉበትን አረፋ ይጠቀም ነበር። ፒፋስ በቀላሉ አይበሰብስም፤ ከአፈር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ሰው ደም ይሄዳል። የውሃ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ሲመረመር በአንድ ሊትር ከ10,000 ናኖ ግራም በላይ ተገኘበትና ወዲያውኑ ተዘጋ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሁለቱ ዋና ዋና የፒፋስ ዓይነቶች ያወጣችው ወሰን ለእያንዳንዳቸው 4 ናኖ ግራም ነው።

ካሊንገን ከካምፕ ለጁን የሚለያት ነገር ፒፋስ ከሰው አካል የሚወጣው ቀስ ብሎ መሆኑ ነው። እዚያው በተደረገ ክትትል፣ ፒፎስ የተባለው ዓይነት በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ 3.4 ዓመት ገደማ እንደሚወስድበት ታውቋል። ስለዚህ ጣቢያው ከተዘጋ በኋላም ደሙ ይናገራል። ከ3,000 በላይ የአካባቢው ነዋሪዎች ደም ሰጡ። ዕድል ሆኖ ከተበከለው ጣቢያ ይጠጣ የነበረው ከሮነቢ ቤቶች አንድ ሦስተኛው ያህል ነበር። የቀረው ሕዝብ በዚያው ከተማ፣ በዚያው አየር፣ በዚያው አመጋገብ እየኖረ ሌላ ውሃ ይጠጣ ስለነበር ለማነጻጸሪያ ሆነ። የትኛው መንገድ ከየትኛው ቧንቧ ይጠጣ እንደነበር ማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ነበረው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የስዊድን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደም ውስጥ የተገኘው ከፍተኛ መጠን ራሱ፣ ገና በሽታ ሳይከተል፣ የአካል ጉዳት ነው ብሎ ፈረደ። የተከሰሰው ግን የውሃ ኩባንያው ነበር፤ አረፋውን የረጨው ሠራዊት አልነበረም። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። ቢሆንም «ታማችሁ እስክትመጡ እንጠብቅ» የሚለውን ክርክር ፍርዱ ዘግቶታል።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2016 የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በጋራ ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። የጣናን ውሃ፣ ከሥሩ ያለውን ደለልና የዓሣውን ሥጋ ወስደው ፒፋስ ለኩ። ተገኘ፤ መጠኑ ግን አነስተኛ ነበር። ከሐይቁ ዓሣ የሚበላ ሰው በቀን የሚያገኘው መጠን በወቅቱ ከነበረው የአደጋ ወሰን እጅግ የራቀ ነው ብለው ደመደሙ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ዜና ሰምቶ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፈዋል። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን የዚህ ጥናት ትልቁ ዋጋ ከደስታው በላይ ነው። ካሊንገ ከ1980ዎቹ በፊት የተለካ ውሃ ቢኖራት ኖሮ ምን ያህል ክርክር በቀረላት! ጣና መነሻ ልኬት አለው። ነገ አንድ ነገር ቢለወጥ፣ ከምን ተነሥቶ እንደተለወጠ የሚናገር ጽሑፍ አለ።

መነሻ ልኬት ግን ካልታደሰ ያረጃል። አማካይ ቁጥርም የሚሰውራቸው ሰዎች አሉ። ጠዋት በሐይቁ ዳር የዓሣ መሸጫው ላይ ቆሞ ያየ ሰው ያውቃል፦ ቆሮሶው ለሆቴል ይሄዳል፣ አምባዛው ይቆራረጣል፣ ጭንቅላቱና አንጀቱ ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል። እርሱንም ወደ ቤቱ የሚወስደው አለ። ለላቦራቶሪው የተወሰደው የዓሣው ሥጋ ነው፤ ፒፋስ ግን ከሥጋ ይልቅ በጉበትና በደም ይበረታል። ከአባት ከእናቱ ጀምሮ ኑሮው በሐይቁ ላይ የተመሠረተው፣ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሚበላው የዓሣ መጠን ከከተማው ነዋሪ ጋር አይወዳደርም። ጥናት ሲነደፍ ከሁሉ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው፦ የትኛውን ዓሣ፣ የትኛውን የአካል ክፍል፣ በሳምንት ስንት ቀን?

የባሕር ዳር አየር ማረፊያ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት የባሕር ዳርና የጎንደር አየር ማረፊያዎች በሮኬት ዒላማ በተደረጉ ጊዜ ብዙዎቻችን አውሮፕላን ማረፊያው ለቤታችን ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያስተዋልነው በፍንዳታው ድምፅ ነው። ነዳጅ በብዛት ባለበት ስፍራ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ይቀመጣል፤ ይህ በዓለም ዙሪያ የተለመደ አሠራር ነው። ስለዚህ በማንኛውም አየር ማረፊያ አጠገብ የሚኖር ሕዝብ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፦ አረፋው ምን ዓይነት ነው፣ ልምምዱ የሚደረገው በየትኛው ሜዳ ነው፣ እጣቢው ወዴት ይፈስሳል? ጥያቄው ውንጀላ አይደለም። ወታደራዊ ምሥጢርም አይነካም፤ ለጠላት የአረፋ ዓይነት ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄውን አጣዳፊ የሚያደርገው መሬታችን ነው። ከባሕር ዳርና ከዙሪያዋ ሥር ያለው ዓለት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ብዙው የተሰነጣጠቀና እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት። ምንጮቻችን የሚበረቱት በዚህ ምክንያት ነው። ውሃን በቸርነት የሚያሳልፍ ዓለት ግን ሌላውንም አይከለክልም። ጣናም ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቀቱ በአማካይ 9 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

በጦርነት ጊዜ ስለሚቀረው ነገር በአጭሩ ልናገር። ያልፈነዳ ጥይትና የመድፍ ቅምቡላ ባገኘ ሰው ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው አደጋ ፍንዳታው ነው፤ አለመንካት፣ ቦታውን ምልክት አድርጎ ማሳወቅ። የተረሳው ግን ሁለተኛው አደጋ ነው። ቆራሌው የሚገዛው ብረት ውስጥ እርሳስ ይኖራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ ከሁሉም ይበልጥ ለልጅ አእምሮ። ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂም ጉበትንና ደምን እንደሚጎዳ በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ከታየ ቆይቷል። የእርሳስ ምርመራ አንዲት ጠብታ ደም ነው የሚጠይቀው። ውጊያ ባለፈባቸው ወረዳዎች ለልጆች ክትባት ሲሰጥ ጎን ለጎን ሊጀመር ይችላል።

እኛ መርዝ ከሰማይ የዘነበብን ሕዝብ ነን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ሲናገሩ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ወታደሩን፣ ሴቱን፣ ልጁን፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ ሐይቁንና ግጦሹን በመርዝ እንዳረሰረሱት ገልጸዋል። የቀይ መስቀል ሐኪሞች ቃጠሎውን በኮረም አይተው መስክረዋል። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በዚያው የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቅተዋል። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። የተረፉት ሰዎች ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት አሳላቸው? ዓይናቸውስ? ልጆቻቸውስ? የኢራኗ ሰርደሽት ከተማ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1987 በኢራቅ አውሮፕላኖች በተመሳሳይ ጋዝ በተመታች ጊዜ የተረፉት ተመዝግበው ነበር። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ሐኪሞች እነዚያኑ ሰዎች በስማቸው ጠርተው ሳንባቸውን፣ ዓይናቸውንና ቆዳቸውን መረመሩ፤ ጋዙ ከተነፈሱት በኋላ ለአሥርት ዓመታት እንደሚጎዳ ዓለም በዝርዝር ያወቀው እንዲህ ካሉት ሰዎች ነው። የእኛ አያቶች ሳል ግን ከእነርሱ ጋር ተቀበረ።

አቅም የለንም የሚለውን አልቀበልም። ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ በዳባት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የያዘው የሕዝብ መከታተያ ጣቢያ አለ፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያለ ቤት ለቤት ይመዘግባል። ካምፕ ለጁን የነበራት መዝገብም ማን መቼ የት እንደነበረ የሚናገር ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ለእያንዳንዱ ቤት የቤተሰብ ፎልደር ይይዛሉ። በዚያ ወረቀት ላይ «የሚጠጡት ከየትኛው ምንጭ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ?» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ከ20 ዓመት በኋላ ዋጋዋ ከላቦራቶሪ ሕንፃ ይበልጣል። ወረቀቱ ግን መጠበቅ አለበት። አንድ ጊዜ የቆየ የሕሙማን መዝገብ ፍለጋ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ የተመራሁት ጣሪያው ወደሚያፈስስ መጋዘን ነበር። ዝናብ የገባባቸው መዛግብት እንደ እንጀራ ተጣብቀው አገኘኋቸው። አንዱን ለመግለጥ ስሞክር ገጾቹ በእጄ ላይ ተበጣጠሱ፤ ከስሞቹ የሚነበበው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነበር።

ጥናቱን ማን ይምራው የሚለው ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ብክለቱን ሊያመጣ የሚችለው ወገን ገንዘቡን ይክፈል፣ መዝገቡን ይክፈት፤ ናሙናውን መውሰድና ውጤቱን መናገር ግን የሌላ ሰው ሥራ ይሁን። ደሙን የሰጠ ሰውም ውጤቱን በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ እጅ ያግኝ። በካምፕ ለጁን ጉዳዩን ከተዳፈነበት ያወጡት በአብዛኛው ልጆቻቸውን የቀበሩ የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ በሰፈሩ 30 ቀን የቆየ ሁሉ ካሣ እንዲጠይቅ በር የከፈተው የእነርሱ ጩኸት ስላልተቋረጠ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያ ግቢ ተመለስሁ። የቤቱ እመቤት ቡና አፍልተው ነበር። «እማማ፣ ከዚህ ጉድጓድ ጠጥቶ ያደገው ማን ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን ሊረባህ ልጄ?» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ስኒውን አስቀምጠው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የራሳቸው ልጆች አራት። ከጎን ያለው ቤት፣ አሁን ወደ ደብረ ታቦር የሄዱት፣ ስድስት። ከኋላ በኩል ተከራይተው የነበሩት ባልና ሚስት፣ ከ2003 እስከ 2007፤ ሴትዮዋ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። የእጃቸው ጣት ሲያልቅ እንደገና ከአውራ ጣታቸው ጀመሩ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሃያ ሦስተኛው ሰው ላይ ስደርስ «ቆይ» አሉኝ፤ «ያቺን ልጅ ረስቻታለሁ፣ ከፍ አድርገህ ጻፋት።»